የመደብሩ መስታወት ከፊትና ከኋላ

ደመወዝ እጅ በገባበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ አውራ ጎዳና ያለፈ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አንዲት እናት በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ታክሲ ተራ ሲጣደፉ ሕፃኗ ድንገት ቀጥ ብላ ትቆማለች። እናት ይጎትታሉ፤ ልጅ አትነቃነቅም። ዓይኗ የተተከለው በአንድ የሙሽራ ልብስ አከራይ ቤት መስታወት ላይ ነው። ከመስታወቱ በስተጀርባ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ካባ የደረበች፣ በራሷ ላይ ዘውድ የደፋች የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ቆማለች። በዙሪያዋ ትናንሽ አምፖሎች ይበራሉ።

"እማዬ፣ ይቺ ንግሥት ናት?"

ይህን ጥያቄ ቡራዩ ላይ በጆሯችን ሰማነው። እናትየዋም ጥቂት አሰብ አደረጉና "አዎን፣ የአንድ ቀን ንግሥት ናት፤ ነይ እንሂድ፣ ይመሻል" ብለው ልጃቸውን ይዘው አለፉ።

መልሱ በችኮላ የተሰጠ ቢሆንም እኛን ግን ከቦታችን አላንቀሳቀሰንም። በአገራችን ንጉሥም ንግሥትም ከሌሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ዘውዱ ታዲያ ከሱቅ መስታወት ውስጥ እንዴት ቀረ? ለማንስ ነው የሚታየው? ሒሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው? ውድ አንባቢያን፣ በተለይም የጥር ሠርግ ከፊታችሁ ያለባችሁ እናቶች፣ በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ይህንኑ ጉዳይ ከሥሩ እንድንመለከተው እንጋብዛችኋለን።

ጥቅምት 23 እና ሐምሌ 16

በዘውዱ ዘመን ከሃይማኖት በዓላት ሌላ ሁለት ቀኖች በከተማ ነዋሪ ዘንድ በደንብ ይታወቁ ነበር። አንደኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የደፉበት ጥቅምት 23 ሲሆን፣ ሁለተኛው የልደታቸው ቀን ሐምሌ 16 ነው። እነዚህ ቀኖች ሲቃረቡ መንገዱ በሰንደቅ ዓላማ ያጌጣል፤ ትምህርት ቤቶች ለሰልፍ ይዘጋጃሉ፤ የሱቆችም ፊት ይለወጣል።

የዚህ ሁሉ መጀመሪያ ራሱ የንግሥ በዓሉ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባለ ቅስት በሮች ተተክለውላት፣ አምፖል በርቶላት እንግዶቿን ተቀበለች። በዋዜማው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ በእንግድነት መጡ። እቴጌ መነንም ከባለቤታቸው ጋር በዚያው ቀን ዘውድ ደፉ። ይሁንና በዓሉን ለመዘገብ የመጡ የውጭ አገር ጋዜጠኞች አንድ ነገር ሳይጽፉ አላለፉም። ይኸውም እንግዶች በሚያልፉባቸው መንገዶች ዳር የነበሩ የድሆች ጎጆዎች እንዳይታዩ በእንጨት አጥር ተከልለው እንደነበር ነው። እንዲህ ሆኖ ከተማይቱ ራሷ እንደ አንድ ትልቅ የመደብር መስታወት ተሰናድታ ነበር ማለት ይቻላል። የሚታየው ከፊት ቀርቧል፤ የማይፈለገው ከኋላ ተደብቋል።

የሱቅ መስታወት ማስጌጥ በዚያን ጊዜ በዓለም ገና አዲስ ጥበብ ነበር። በለንደን ከተማ ሰልፍሪጅስ የተባለው ትልቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ1909 ሲከፈት መስታወቶቹን እስከ ሌሊት ድረስ መብራት እያበራ ማሳየቱ እንደ ታላቅ ፈጠራ ተቆጥሮለት ነበር። በእኛ ከተማ ይህ ጥበብ የገባው በአራዳ፣ በኋላም ፒያሳ በተባለው ሰፈር በነበሩት የሕንዶች፣ የአርመኖችና የግሪኮች ሱቆች በኩል ነው። የንጉሠ ነገሥቱም ፎቶግራፍ ከአርመኖች ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት የቦያጂያን ቤተሰቦች ናቸውና።

አሠራሩ ቀላል ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ከመሐል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በዙሪያው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ ይታጠፋል። ከሥሩ ጫማው፣ ሽቶው፣ ሰዓቱ፣ የቡና ስኒው ይደረደራል። ሥዕሉ የባለሱቁን ታማኝነት ይገልጻል፤ ዕቃው ደግሞ ገበያ ይጠራል። አላፊ አግዳሚው ለሥዕሉ ብሎ ይቆማል፤ ዓይኑ ግን ወደ ጫማው ይወርዳል።

በ1948 ዓ.ም. የንግሡ 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ ተብሎ ሲከበር በዓሉ ከሱቅ መስታወት አልፎ ሕንፃ ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ ለዚሁ በዓል ተከፈተ፤ ከፊቱ ያለው የአንበሳ ሐውልትም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የሚባለውም የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተብሎ ተሠራ።

ዘውድ በመስታወት፣ ስኳር በራሽን

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ውጭ አገር መለስ ብለን እንይ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ዘውድ ሲደፉ የለንደን መደብሮች መስታወታቸውን በዘውድና በሰንደቅ ዓላማ አስጊጠው ነበር። ሆኖም በዚያን ወር የእንግሊዝ እናቶች ስኳር የሚገዙት በራሽን ደብተር ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ስምንት ዓመት ቢሆነውም የስኳር ራሽን ገና አልተነሣም፤ የተነሣው በዚያው ዓመት መስከረም ነው። ለበዓሉ ተብሎ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ስኳር ተጨማሪ ተፈቀደ። መስታወቱ ውስጥ ዘውድ፣ ቤት ውስጥ የተመጠነ ስኳር። የኛም እናቶች ይህን ዓይነት ኑሮ ከጊዜ በኋላ በሚገባ አውቀውታል።

እኒሁ ንግሥት ጥር 24 ቀን 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ መንገዱ በሁለቱ አገሮች ሰንደቅ ዓላማ ደመቀ። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ የንግሡ በዓል በሚከበርበት በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀምሮ ነበር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች "የቴሌቪዥን መስኮት" ማለታችን ያለ ነገር አይደለም። እርሱም እንደ ሱቅ መስታወት ነው፤ አንድ ሰው አሰናድቶ ያቀርባል፣ ሌላው ከውጭ ቆሞ ያያል።

ይኸው መስኮት አሥር ዓመት ሳይሞላው ሌላ ነገር አሳየ። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ የልደት በዓል በደመቀ ሁኔታ ተከበረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ ያዘጋጀው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ትርዒቶች ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ከቤተ መንግሥትም በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። በየሱቁና በየቢሮው ተሰቅሎ የነበረውም ሥዕል ወረደ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አላበቃም። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ እንደገና በቅስትና በትልልቅ ሥዕሎች ተሸፈነች፤ የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። በወሎና በትግራይ ግን ረሃብ ገብቶ ነበር። በዓሉ ካለፈ ከአንድ ወር ጥቂት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። በከተማ የነበሩ እናቶች ደግሞ ስኳሩንና ሳሙናውን ለመግዛት የቀበሌ ደብተራቸውን ይዘው በኅብረት ሱቅ ደጃፍ ይሰለፉ ነበር።

ዘውዱ ተቀየረ፣ ሥዕሉ ተቀየረ። ሒሳቡ ግን ሁልጊዜ የሚወርደው በጓዳ ላይ ነው።

ካባው ወደ ሠርግ ቤት ሲገባ

በዱሮ ጊዜ በወርቅ የተጠለፈ ካባ እንደ ማንኛውም ልብስ ከገበያ ተገዝቶ የሚለበስ አልነበረም። ንጉሥ ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ የሚያለብሰው የክብር ልብስ ነበር። ካባ ለብሶ የታየ ሰው ማን እንዳለበሰው ይጠየቅ ነበር። ዘውዱ ከወረደ በኋላ ግን ካባው ባለቤት አላጣም፤ ወደ ሠርግ ቤት ገባ። ዛሬ በመልስ ዕለት ሙሽራውና ሙሽሪት ካባ ደርበው፣ አንዳንዶችም ዘውድ ደፍተው ሲገቡ "ንጉሥና ንግሥት" እየተባለ ይዘፈንላቸዋል። ገበሬውም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ የቀን ሠራተኛውም ልጁን ለአንድ ቀን ያነግሣል። በዚህ ውስጥ ደስ የሚል ነገር መኖሩን መካድ አይቻልም። ለጥቂቶች የተከለከለው ክብር ለሁሉም ሆኗልና።

የልብስ ማሳያ መስታወቱም ከመሐል ከተማ ወጥቶ ወደ ዳር ከተሞች መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ሱቆች ተነሥተዋል። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው በሕንፃና በሱቅ ተሞልተዋል። ዱሮ ፒያሳ ድረስ ሄዶ ይታይ የነበረው ዛሬ ከታክሲ መውረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

በሰበታ ያነጋገርናቸው አንዲት እናት በፋብሪካ ሠራተኝነት ሃያ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። ትልቋ ልጃቸው በመጪው ጥር ትዳራለች። "እቁቤ በኅዳር ይወጣልኛል" አሉን። "ያሰብኩት ለቤቴ ጣሪያ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሦስት ቦታ ባልዲ ደቅነን ነው ያሳለፍነው። ልጄ ግን ከመሥሪያ ቤቷ ስትመለስ በየቀኑ የምታልፈው በዚያ መስታወት ፊት ነው። ለእርሷ፣ ለሙሽራውና ለስምንቱ ሚዜዎች በሙሉ ካባ ይሁን አለች። ዋጋውን ስጠይቅ የጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው።"

ልጃቸው ይህን ያለችው በክፋት አይደለም። ጓደኞቿ ሁሉ እንዲያ ሆነው ተድረዋል፤ ፎቶግራፋቸው በየስልኩ ይዞራል። እናትየዋም ቢሆኑ እምቢ ለማለት አንደበት አጡ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው የእናታቸውን ነገር አነሡልን።

"እናቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ነው ያሳደገችን። አንድ ጥቅምት 23 ቀን ሸክሟን ይዛ በፒያሳ በኩል ስታልፍ ሱቁ ሁሉ አጊጦ አየች። ልትቆም ስትል አንድ ዘበኛ 'ሰልፍ ያልፋል፣ በጓሮ በኩል ዙሪ' አላት። በጓሮ ዞረች። እስክትሞት ድረስ የምትነግረን ስለ ሰልፉ አልነበረም፤ መስታወቱ ውስጥ ስላየችው ነጭ የሕፃን ጫማ ነበር። ታዲያ እኔ ለልጄ በጓሮ ዙሪ ልበላት?"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ውድ አንባቢያን፣ "አባካኝነት ነው" ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። በመስታወት ፊት ቆሞ የሚያልፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዕቃውን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የተከለከለውን ነው የሚያየው።

ከኋላ ሲታይ

ጉዳዩን ከሌላው ወገን ለማየት ወደ ሱሉልታ ሄድን። በአንድ የሙሽራ ልብስ አከራይ ቤት በሽያጭ ሠራተኝነት የምታገለግል ወጣት ጧት ሱቁ ሳይከፈት አሻንጉሊቷን ስታለብስ አገኘናት። ካባውን አለበሰቻት፤ ዘውዱን አስተካከለች። ከዚያም ወደ ኋላ ዞራ የቀሚሱን ትርፍ ጨርቅ ሰብስባ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። እንደ ልክ ሆኖ የተሰፋ የሚመስለው ቀሚስ ከጀርባው በስድስት መርፌ ቁልፍ የተያዘ ነበር።

"ደንበኛ የሚያየው ከፊት ነው" አለችን እየሳቀች። "አምፖሉም ቢጫ የሆነው ክሩ ወርቅ እንዲመስል ነው። እኔ ግን ሙሽራ ስትመጣ 'ከኋላው እዪው' እላታለሁ። ኋላ ልብሱ አልሆነም ብላ ከምትጣላኝ ይሻላል።" ይህች ወጣት ቀኑን ሙሉ ሌሎችን ስታነግሥ የምትውል ናት። የእርሷን ሠርግ በተመለከተ ስንጠይቃት "እኔማ በአገር ልብስ ነው፤ የካባውን ክብደት አውቀዋለሁ" ስትል መለሰችልን።

ከእርሷና ከሌሎች የሙያው ሰዎች ያገኘነውን ምክር ለእናቶች ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

አንደኛ፣ ልብሱን ከሱቁ አምፖል ሥር ብቻ ሳይሆን ወደ ደጃፍ አውጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት። የጥልፉ መላላት፣ የክሩ መጥቆርና የቀለሙ መድከም የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙሽሪት ራሷ ለብሳ ትራመድበት፣ ትቀመጥበት፣ እጇንም ታንሣበት። አሻንጉሊት አትቀመጥም፤ ሙሽራ ግን ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች።

ሦስተኛ፣ ከኪራዩ ሌላ መያዣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ የእጥበት ሒሳብ በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ልብሱ አንድ ቀን ቢዘገይ ምን እንደሚጨመር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተስማማችሁበትንም በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

አራተኛ፣ ልብሱን ስትረከቡ ቀድሞ የነበረውን እድፍና ቅዳጅ ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ እዩ፤ በስልክም ፎቶግራፍ አንሡት። ሌላው ያበላሸው በእናንተ ሒሳብ እንዳይታሰብ ይረዳችኋል።

አምስተኛ፣ ወጪውን ከሠርጉ ማግሥት አንጻር አስሉት። ለስንት ሰዓት የሚለበስ ነው? ያው ገንዘብ ለሙሽሮቹ የስንት ወር የቤት ኪራይ ይሆናል? ይህን ስሌት እናት ብቻዋን ሳይሆን ሙሽራውም ሙሽሪትም ባሉበት፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ መሥራት ይገባል። የብዙ ቤተሰብ ጠብ የሚነሣው ከገንዘቡ ማነስ ሳይሆን እናት ሒሳቡን ለብቻዋ ይዛ ዝም በማለቷ ነው።

በተክሊል የሚጋቡ ሙሽሮች በቤተ ክርስቲያን አክሊል እንደሚደፋላቸው የታወቀ ነው። ያ አክሊል ለሀብታሙም ለድኻውም የሚደፋ ነው፤ ቪዲዮ አንሺም አይመርጠውም። ጥንቱን ሙሽራን ንጉሥ ያሰኘው የኪራይ ካባ እንዳልነበረ ማስታወስ ይጠቅማል።

እናትና ልጅ

ሁለት ሳምንት ቆይተን ወደ ሰበታ ተመለስን። እናትየዋ በሱሉልታ የሰማነውን ስንነግራቸው ሳቁ። "እኛም እንደዚያው አደረግን" አሉ። አንድ እሑድ ልጃቸውን አስቀምጠው የእናታቸውን የነጭ ጫማ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሯት። ከዚያም የእቁቡን ገንዘብና የቆርቆሮውን ዋጋ በወረቀት ጽፈው አሳዩአት። ልጅቱ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። በማግሥቱ ከሥራ መልስ ወደ ሱቁ ገብታ ካባውን ለበሰች፤ ከኋላም ከፊትም አየችው።

ውሳኔው ይህ ሆነ። ካባ ለሙሽራውና ለሙሽሪት ብቻ ይከራያል፤ ሚዜዎቹ ቀድሞ ባላቸው የአገር ልብስ ይገኛሉ። ከጣሪያውም በዚህ ዓመት የሚለወጠው ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ለሚቀጥለው እቁብ ይቆያል። እናትየዋ ሙሉ በሙሉ የተደሰቱ አይመስሉም። "አንድ ባልዲ ይቀርልናል" አሉ ወደ ጣሪያቸው ቀና ብለው። "ግን ልጄ በጓሮ አልዞረችም። እኔም አልተበደርኩም።"

በየሱቁ ያለው መስታወት ነገም ያበራል፤ እንቁጣጣሽ ሲመጣ በአደይ አበባ፣ ገና ሲደርስ በዛፍ፣ ጥር ሲገባ በዘውድ ያጌጣል። ማየት አይከለከልም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ልጆቻችንም ሲቆሙ ክንዳቸውን ጎትተን ከማለፍ ይልቅ አብረን ቆመን ብናይ፣ ዘውዱ ዱሮ የማን እንደነበረና ዛሬ በስንት እንደሚከራይ ብንነግራቸው ትምህርት ይሆናቸዋል። የቡራዩዋ ሕፃን ጥያቄዋን ጠይቃለች። ጊዜ ሲገኝ ሙሉው መልስ ይገባታል።